ምት፣ ምንነቱ ያልተገለጸ

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ የዳቦ ቤቱ ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ታማሚዋ እህትዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ ከሆስፒታሉ በር ተነሥቶ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ፣ በመጨረሻ "ይህማ የአባ ቁጥር ነው" ተብሎ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አባ ቁጥር የሚሉኝ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው። ሥራዬ፣ ሕመምተኛ ድኖ ሲወጣ ካርዱን አንብቤ፣ ሐኪሙ የጻፈውን የሕመም ስም ከትልቁ መጽሐፍ ፈልጌ መለያ ቁጥሩን መስጠት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም እስከ ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ የመዝገብ ሥራ ሥልጠና ወሰድኩ። በደብዳቤዎ "ክቡር ዶክተር" ስላሉኝ አፍሬ ነው ይህን የማስቀድመው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። እህትዎ ለማሕፀን እጢ ቀዶ ሕክምና እኛ ዘንድ ተኝተው እንደነበር ከመዝገቡ አይቻለሁ። እግራቸው አብጦ ጤና ጣቢያ ስትወስዷቸው፣ ነርሷ የመውጫ ወረቀታቸውን አይታ ያለችው እውነት ነው ወይ ላሉት መልሱ እንዲህ ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው በዳሌ ውስጥ ባለ ትልቅ የደም ሥር ላይ የደረሰ ጉዳት ማለት ነው። ሁለተኛው የጉዳቱን መነሻ የሚናገር ሲሆን ትርጉሙ "ምት፣ ምንነቱ ያልተገለጸ" ነው። ነርሷ በትክክል አንብባለች።

"ታዲያ ማን መታት?" ላሉት ግን ቁጥሩ አይናገርም። እኔም ከቁጥሩ አልፌ ለመናገር ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም።

እህትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። በጸሎቴ አስባቸዋለሁ። የማያውቁት ሰው ይህን ማለቱ አይግረምዎ፤ ካርዳቸው በእጄ ያለፈ ሰዎችን ሁሉ ማሰብ ልማዴ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ


ጥቅምት 21 ቀን

ለመዝገብ ቤቱ ወንድሜ

እንዴት ከርመዋል? ዕድሜ ይስጥዎ! ጨዋ ሰው መሆንዎ ከእጅ ጽሑፍዎ ያስታውቃል፤ አንድ ፊደል እንኳ ከመስመሩ አልወጣም።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ የቤተሰቡን ትልልቅ ሰዎች ጠራሁና፣ ሊጡን ጥዬ፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ አነበብኩላቸው። ዱቄቱ አሁንም ወረቀቱ ላይ አለ። በያጁም ተቀምጦ ነበር፣ የእህቴ ባል። ያ ሰው ሥራው ዝምታ ነው። ቀን ብረት ሲበይድ ያንን ጥቁር መነጽር አድርጎ ዝም፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ዝም። ድሮም ይህ ዝምታው አያምረኝም ነበር። "እሺ፣ መኪና አልገጫትም፤ ከደረጃም አልወደቀችም። ማን ነው የመታት? ግድግዳው ከቦታው ተነሥቶ ነው?" አልኩት።

"እኔ አልመታኋትም" አለኝ።

"ታዲያ ሆስፒታሉ ይዋሻል? ከአንተና ከሆስፒታሉ ማንን ልመን?"

ወረቀት ያፋጠጠው ሰው ምን ይመልሳል?

እርሷ ደግሞ "ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልመታኝም" ትላለች። "ዶክተሩ ራሱ በቀዶው ጊዜ የደም ሥርሽ ተነክቶብኝ ነበር፣ ሰፍቼዋለሁ ብሎኛል" ትላለች። እባክዎ! የትኛው ሐኪም ነው በገዛ አፉ በራሱ ላይ የሚመሰክር? ባሏን እየሸፈነች ነው። ሴት ልጅ እንዲህ ናት፤ ጥርሷን አውልቀውባትም "በሩ መታኝ" ነው የምትል። ትልቋ እህታችን "ዳሌ ውስጥ ያለ ሥር በጥፊ አይበጠስም፤ ይሄ የርግጫ ሥራ ነው" ብላ አልቅሳ አስለቀሰችን።

ለማንኛውም የስፌት መኪናዋንና ልብሷን ጭነን እኔ ቤት አምጥተናታል። በያጁ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። የመኪናዋን እግር ስናወጣ በሩ ጠቦን ቢቸግረን፣ ራሱ መጥቶ ፈታልን። አያፍርም።

አሁን የቀረው ፍቺ ነው። እርሷ ገና አልፈረመችም፤ ትፈርማለች። ጠበቃው የእርስዎን ደብዳቤ አይቶ "ይሄ ወርቅ ነው፤ የጎደለው ማኅተም ብቻ ነው" አለኝ። እንግዲህ ያንኑ ቃል በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይላኩልኝ። ሌላ ምንም አይጨምሩበት፤ እንዳለ ጥሩ ነው።

ባለውለታዎ ነኝ።

ዳቦ ጋጋሪው


ኅዳር 9 ቀን

ለወንድሜ ለዳቦ ቤቱ ባለቤት

ጤና ይስጥልኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማኅተሙን የጠየቁበት ደብዳቤም፣ ከዚያ በኋላ የላኩት አጭሩም ደርሶኛል። በአጭሩ ላይ "ሞተዋል ወይስ ታመዋል?" ብለዋል። አልሞትኩም፣ አልታመምኩምም። አፍሬ ነው።

እባክዎ፣ የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ለጠበቃው አይስጡት። ሰጥተውትም ከሆነ መልሰው ይውሰዱት።

በዚያ ደብዳቤ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። የከፋውም እርሱ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኩዎ። ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ ስላልጠየቁኝም ደስ ብሎኝ ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ አፌን ዘጋሁ። ዝንቡ ግን የሰው ቤት ገባ።

ቀዶ ሐኪሙ በካርዱ ላይ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ በዳሌ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተጎድቶ ተሰፋ። እንዴት ተጎዳ? አይልም። ለእንዲህ ያለ ጉዳት መጽሐፋችን ሁለት መንገድ አለው። መኪና፣ መውደቅ፣ ዱላ፣ ከውጭ የመጣ ነገር ከሆነ አንድ ምዕራፍ ነው። በቀዶ ሕክምናው መካከል የተነካ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ካርዱ ካልለየልኝ ሐኪሙን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ለአጠያየቁ ሕግ አለው፤ ጥያቄው መልሱን ማጉረስ የለበትም። "ጉዳቱ እንዴት ደረሰ?" ይባላል እንጂ "እንዲህ ሆኖ ነው አይደል?" አይባልም። እኔ ግን "ጉዳቱ የደረሰው ከውጭ በመጣ ምት ነው?" ብዬ ጻፍኩ። "አዎ" በሚለው ላይ ምልክት ተደርጎ፣ ተፈርሞ ተመለሰልኝ።

ከዚያ ደግሞ ኮምፒውተሩ አለ። የጉዳት ቁጥር ስታስገባለት "መነሻው ምንድን ነው?" ይላል፤ ካልነገሩት አይዘጋም። እንግዲህ መነሻ ፈልግ! ወደቁ ብል፣ ከየት? መኪና ብል፣ የማን? "ምት፣ ምንነቱ ያልተገለጸ" የሚለውን ሳገኝ ማንንም የማይነካ ቁጥር መሰለኝ። ማንም የለበትምና። ለካ ማንም የሌለበት ወንበር ባዶ ሆኖ አይቀርም። በያጁን ተቀመጥበት ተባለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይኸው ነው።

ስለዚህ እህትዎ "ማንም አልመታኝም" ያሉት እውነት ይመስለኛል።

ለምን እንዳደረግሁት ብጽፍልዎ ደስ ይለኝ ነበር። ለራሴም ገና አልነገርኩት።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ


ኅዳር 16 ቀን

አንተ ሰውዬ፣

"ይመስለኛል"? እህቴን ከነመኪናዋ ካወጣኋት በኋላ፣ ሠፈር ሁሉ ካወቀ በኋላ፣ በያጁ ዳቦ ሊገዛ ሲመጣ ሠራተኞቼ ፊታቸውን ካዞሩበት በኋላ፣ "ይመስለኛል"? ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ!

ንገረኝ፣ በያጁ ስንት ሰጠህ? ወይስ መስኮትህን በነፃ በየደልህ? በጥቅምት "ነርሷ በትክክል አንብባለች" ያልክ ሰው በኅዳር ምን አገኘህ? እኔ ዱቄት ነው የማውቀው። ሊጥ አንዴ ከቦካ ወደ ዱቄት አይመለስም።

ስለ አጠያየቅ ሕግ፣ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ወንበር ብዙ ጽፈሃል። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። አንደኛ፣ ለምን? ሁለተኛ፣ ሐኪሙ በገዛ እጁ የጻፈው የታለ? ያንተን "ይመስለኛል" ለድመትህ ንገራት።

ዳቦ ጋጋሪው


ኅዳር 29 ቀን

ለወንድሜ

ጤና ይስጥልኝ። "አንተ" ማለትዎ አልከፋኝም፤ ደግ አደረጉ። በያጁን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። የሰጠኝም የለም። ድመትም የለኝም፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በቤቴ የምናገረው ከአንድ ጌታ ጋር ብቻ ነው፤ እርሱም ሰሞኑን ዝም ብሎኛል።

ለምን ላሉት። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ ሆስፒታል ነው ያረፈችው። በመጨረሻዋ ሳምንት እኚህ ቀዶ ሐኪም፣ የእርሳቸው ታማሚ ሳትሆን፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ ወንበር ስበው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር። ስለ ሕመም አያነሡም። በልጅነታቸው በሂሳብ ስንት ጊዜ እንደወደቁ፣ አባታቸው የውጤት ካርዱን ገልብጠው ይዘው "እሰየው" እንዳሉ ያጫውቷታል። እርሷም ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እየሣቀች ነው የሄደችብኝ ማለት ይቻላል። ይህን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ ስል ነው የኖርኩት። እኔ ያለኝ ቁጥር ብቻ ነው።

የእህትዎን ካርድ ስገልጥ የእርሳቸው እጅ እንደነካው ወዲያው ገባኝ። እጢ ሊያወጡ ገብተው የተሰፋ የደም ሥር፣ ሌላ ከየት ይመጣል? የሕክምና ስሕተት በሚመረምረው ኮሚቴ ፊት ቆመው ሲጠየቁ ታየኝ። ያን ጊዜ፣ ይግረምዎ፣ የውለታ በር ተከፈተልኝ ብዬ ተመስገን አልኩ። ያንን ጥያቄ የጻፍኩት ከጸሎት ተነሥቼ ነው።

ማክሰኞ ወደ ክፍላቸው ሄድኩ። መግቢያ አጥቼ በሩ ላይ ስቆም "አባ ቁጥር፣ ምን ሆኑ? ይቀመጡ እንጂ" አሉኝ። አልተቀመጥኩም። የእህትዎን ካርድ ሰጠኋቸውና "በዳሌ ውስጥ ያለው የደም ሥር እንዴት ተጎዳ?" አልኳቸው።

"በእጄ ነዋ" አሉኝ። ልክ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው። "እጢው ከደም ሥሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሳላቅቀው ቀደድኩት። በማግስቱ ለራሷ ነግሬያታለሁ። እግሯ እንዴት ነው? ያብጣል?"

አላውቅም አልኳቸው። ስለ እህትዎ እግር በደብዳቤ ጽፈውልኝ ሳለ ጨርሶ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ያንን የጥያቄ ወረቀት አወጣሁላቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። "ይህን እኔ ነኝ የፈረምኩት?" አሉ። "ከቀኑ ክምር ውስጥ ነበር እኮ። የሌላውን አነባለሁ፤ የእርስዎን ሳላነብ ነው የምፈርም። አምንዎታለሁ።" ቀጥለውም ቀስ ብለው "እንደ ዛሬው ቢጠይቁኝ ኖሮ ያን ጊዜም ይህንኑ እጽፍልዎ ነበር። ማን ነው ደብቅልኝ ያለዎት?" አሉኝ።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። እኔ ያዳንኳቸው መስሎኝ፣ በንጹሕ ስማቸው ሐሰት አስፈርሜያቸው ኖሯል። ወጥቼ በኮሪደሩ ስሄድ ጽዳት ሠራተኛዋ "አባ ቁጥር፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ?" አለችኝ። ፊቴን የት ላግባው?

የተስተካከለው የመውጫ ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ሐኪሙ በእጃቸው ጽፈውበታል፤ ማኅተምም አለው። ሐኪሙ በራሳቸው ፈቃድ ለኮሚቴው አሳውቀዋል፤ እኔም ለክፍላችን ኃላፊ ሁሉን ተናግሬያለሁ። ከቁጥር ሥራ አንሥታኝ ምድር ቤት ካርድ ደርዳሪ አድርጋኛለች። እህትዎን ይጠይቁልኝ፤ እግራቸው እንዴት ነው?

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ


ታኅሣሥ 6 ቀን

ለመዝገብ ቤቱ ሰው

ወረቀትህ ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ከድሮው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከአንድ እጅ ሁለት ወረቀት። አንዱ ተመታች ይላል፣ አንዱ አልተመታችም። የቱን ልመን? ትልቋ እህታችን "ይሄ በያጅ ሐኪሙንም ገዝቶታል" ትላለች። በያጁ ሐኪም የሚገዛ ቢሆን ጫማውን ይቀይር ነበር አልኳት። ግን ሰው አንዴ ካመነበት ነገር እንዲህ በቀላሉ አይወርድም። እኔም አልወረድኩም።

ሌላም ጉድ አለ። ያንተ ወረቀት ከመምጣቱ በፊት፣ እሑድ ዕለት በያጁ እዚህ ቤት መጣ። እኔን ፈልጎ አይደለም፤ እርሷን። እየሰፋች ነበር፣ አጠገቧ ቆመ። ያ ዝምተኛ አፉን ከፍቶ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "እኔ እንዳልመታሁሽ አውቃለሁ። ወረቀቱ ደግሞ ተመታች ይላል። ታዲያ ማን ነው? የት ሄደሽ ነበር?"

ሣቀች። እንደዚያ ያለ ሣቅ አልወድም። እኔ ባሏን ጠረጠርኩ፣ ባሏ እርሷን ጠረጠረ። ከዚያ ወዲህ ከማናችንም ጋር አታወራም፤ መኪናዋን ብቻ ታስጮኻለች። አዲሱን ወረቀት ሳነብላት እንኳ ቀና አላለችም። "አሁንስ ምን ላድርግልሽ?" ብላት "ከብርሃኑ ዞር በልልኝ" አለችኝ።

እንግዲህ ወረቀት በቃኝ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። ና፣ እሳቱ ፊት ቁምና ይህን የጻፍከውን በአፍህ ተናገረው። በያጁንም እጠራዋለሁ፤ ትልቋም ትመጣለች። ዳቦ አበላሃለሁ። ካመንኩህ ትኩሱን፣ ካላመንኩህ የከረመውን።

ዳቦ ጋጋሪው


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለወንድሜ

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ መንገዱም ሩቅ ነው፣ ፈቃድም አልሰጡኝም ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ፖስታው ውስጥ ከገባ በኋላ አውጥቼ ቀደድኩት። ጉልበቴን አያመኝም። ፈቃድም አልጠየቅሁም ነበር፤ ዛሬ ጠይቄ ተሰጠኝ። የክፍል ኃላፊዬ "ቶሎ ይሂዱ" ብቻ ነው ያለችኝ።

ብዙ ሰው ባለበት ተናግሬ አላውቅም። በባለቤቴ ቀብር ላይ እንኳ በእኔ ፈንታ ቀብርተኛውን ያመሰገነው ወንድሟ ነው። ምን እንደምል ሳዘጋጅ ሰነበትኩ፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ ለራሴ የሚያዝን ሆኖ አገኘሁትና ተውኩት።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እደርሳለሁ። መልኬን አያውቁትም። አንገቱን የደፋ፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ሲወርድ ካዩ እኔ ነኝ። ዳቦውን የከረመውን ያድርጉልኝ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለወንድሜ ለአባ ቁጥር

በሰላም ገቡ? መንገድ እንዴት ነበር? ሠራተኞቼ ያ ግራጫ ኮት መቼ ይመለሳል ይላሉ። ሦስት ትኩስ ዳቦ አስይዤዎት አንዱንም ሳይነኩ ለአውቶቡሱ ረዳት እንደሰጡት ሰምቻለሁ። ከሰው ነገር አይቀበሉም እርስዎ!

ሁሉን በአፍዎ ተናግረው ከሄዱ በኋላ አመንን። ትልቋ እህታችን የሚታጠብ ድስት ፈልጋ ጓዳ ገባች፤ ድስት አልነበረም። እኔ ተነሥቼ በያጁን ይቅርታ ጠየቅሁት። በሕይወቴ ሰው ይቅርታ ስጠይቅ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ፖሊስ ነበር። "ግድ የለም" አለና ወደ እርሷ ሄደ። "ቤትሽ ግቢ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አላት። እኔም "ሂጂ፣ እኔ ነኝ የበደልኩሽ" አልኳት። ሁለታችንም አቀርቅረን መልስ ጠበቅን።

ምን እንዳለች ሰምተው ሄደው ቢሆን! "ስናገር አላመናችሁኝም፤ ሽማግሌው ሲናገር አመናችሁ። እርሱ ባይመጣስ?" አለች። በማግስቱ ከጫማ ሠሪው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዋን ይዛ ገባች። እኔም ቤት የለች፣ የባሏም ቤት የለች። በያጁ በየማታው ሄዶ በሩ ላይ ይቆማል። ትናንት ወንበር አውጥታለታለች አሉ። ከውጭ ነው ወንበሩ።

ለእርስዎ የጻፈችውን ከዚህ ጋር አሽጌዋለሁ። አላነበብኩትም። እንዳላነበው ስታገል እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት።

ዳቦ ጋጋሪው


ጥር 3 ቀን

ለተከበሩ ልብስ ሰፊዋ

ጤና ይስጥልኝ። "ለእህቴ" ብዬ ልጀምር ነበር፤ አልደፈርኩም።

ደብዳቤዎ ሁለት መስመር ነው፤ ጥያቄውም አንድ። ወንድምዎ ስለ እርስዎ ሲጠይቁኝ ለእርስዎ ለምን አልጻፍኩም?

አድራሻዎን አላውቀውም ነበር ልል አልችልም። በካርድዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከስምዎ ሥር ተጽፏል። ለወንድምዎ የመለስኩ ዕለት ካርዱ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። የወንድምዎን ስም "በአደጋ ጊዜ የሚጠራ" ከሚለው መስመር አመሳከርኩ፤ ዓይኔ በእርስዎ ላይ አልፎ ነው እዚያ የደረሰው።

ሥራዬ አስለምዶኝ ነው ልልዎ አሰብኩ። በእኛ ሥራ ቁጥር የሚሰጠው ሐኪም ለጻፈው ነው፤ ሕመምተኛው በአፉ የተናገረው መልስ አይሆንም። እውነት ነው፣ ሕጉ እንዲህ ይላል። ግን ሕጉ ቢሮ ውስጥ እንድተወው እንጂ ቤቴ ይዤው እንድገባ አላዘዘኝም። ባለቤቴ "እዚህ ጋ ያመኛል" ስትለኝ "ዶክተሩ ምን አለ?" ነበር መልሴ። "አንተ ያገባኸው እኔን ነው ካርዴን?" ትለኝ ነበር። እንደ ቀልድ አይቼ እሥቅላት ነበር። በወንድምዎ ቤት ቆሜ ስናገር እንኳ ፊቴ ወደ ወንዶቹ ነበር። እርስዎ ጥግ ላይ ሆነው የሸሚዝ እጅጌ ይሰፉ ነበር። ይቅርታ ያልኩት ለባለቤትዎ ነው፤ ለወንድምዎ ነው። ይህንን የተረዳሁት አውቶቡስ ላይ ነው። አውቶቡሱ ደግሞ አይመለስም።

ይህም ቢሆን ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ተውኳቸው፤ ይህ አራተኛው ነው፣ ይህኛውን እልከዋለሁ። ያልጻፍኩልዎ፣ ብጠይቅዎ ኖሮ ስለሚነግሩኝ ነው። ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ሌላውን ሁሉ ብጠይቅ በዙሪያው መዞር እችል ነበር፤ እርስዎን ከጠየቅሁ ግን መዞሪያ አልነበረኝም። የማላውቀውን ሰው ፈርቼ ሳይሆን፣ እውነቱን የሚያውቀውን ሰው ፈርቼ ነው።

ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅዎትም። ብጠይቅዎ መልስ ለመስጠት ይገደዳሉ፤ ሰሞኑን ደግሞ መልስ የሚጠይቅዎ ሰው በዝቷል።

ስለ እግርዎ ለሐኪሙ ነግሬያቸዋለሁ። ጥር 18 ቀን ጠዋት እጠብቃታለሁ ብለዋል። የተሰፋው ቦታ ደሙን በደንብ እያሳለፈ እንደሆነ በመሣሪያ ያዩታል፤ ካላሳለፈም የሚደረግ ነገር አለ ብለዋል፤ እኔ ዝርዝሩን አላውቅም። ከባለቤትዎ ጋር ቢመጡም፣ ከወንድምዎ ጋር ቢመጡም፣ ብቻዎን ቢመጡም፣ በሩ ላይ ስምዎን ይናገሩ፤ ካርድዎ ቀደም ብሎ ወጥቶ ይጠብቅዎታል። የማወጣው እኔ ነኝ፤ አሁን ሥራዬ እርሱ ነውና። አልከፍተውም።

ካርዶቹ ያሉበት ምድር ቤት ነው፤ ደረጃው ለእግርዎ ደግ አይደለም። ስለዚህ አይውረዱ። ሊነግሩኝ የሚፈልጉት ነገር ካለ ለዘበኛው ይንገሩትና ይጥራኝ፣ እወጣለሁ። ከሌለም፣ ተመርምረው በደህና ወደ ቤትዎ ይግቡ፤ የትኛው ቤት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ